ቡችላ ሌሊትን የሚያውቀው መቼ ነው?

ከተወለደ አምስት ቀን ለሆነው ቡችላ ቀንና ሌሊት አንድ ናቸው። ዓይኑ አልተገለጠም፤ የጆሮው ቀዳዳም ገና አልተከፈተም። ከሃያ አራቱ ሰዓት ዘጠና በመቶ ገደማውን ተኝቶ ነው የሚያሳልፈው። ሲርበው ይነቃል፣ በሆዱ እየተሳበ የእናቱን ጡት ይፈልጋል፣ ይጠባል፣ እዚያው ላይ ይተኛል። ይህን ከሌሊቱ ሰባት ሰዓትም ከቀኑ ሰባት ሰዓትም እኩል ያደርገዋል። ያንኑ ቡችላ ሁለት ወር ቆይታችሁ ብታዩት ግን ሌላ ፍጡር ነው። ሲመሽ ከወንድሞቹና ከእህቶቹ ጋር ተቆላልፎ ረጅም እንቅልፍ ይተኛል፤ ጎሕ ሲቀድ ከቤተሰቡ ሁሉ ቀድሞ ይነሣና ያገኘውን ጫማ ማኘክ ይጀምራል።

በእነዚህ ሁለት ወራት አንጎሉ ውስጥ ብዙ ነገር ይሠራል። ዛሬ የምንከተለው አንዱን ነው፦ ጨለማን ወደ ሆርሞን የምትቀይረውን ፓይኒያል ዕጢ፣ እሷንም ከፀሐይ ጋር የሚያገናኛትን መስመር።

ጥያቄው የቤተ ሙከራ ብቻ አይደለም። በፍኖተ ሰላም፣ በቡሬና በዙሪያቸው ባለው የምዕራብ ጎጃም ገጠር ውሻ የሌለበት ግቢ ፈልጎ ማግኘት ቀላል አይደለም። ውሻ ቤት ይጠብቃል፣ ከብት ይጠብቃል፣ በቆሎ ሲደርስ ደግሞ ጦጣና ዝንጀሮ ያባርራል። ስለ ቡችላ አስተዳደግ ደግሞ ሁሉም የየራሱ ምክር አለው። «ቡችላ ጨለማ ቤት ተዘግቶበት ካደገ ኃይለኛ ይሆናል» የሚል ሰው ታገኛላችሁ። መብራት በገባበት ሰፈር ደግሞ ብርድ እንዳይጎዳቸው ተብሎ ሌሊቱን ሙሉ አምፖል የሚበራባቸው ቡችሎች አሉ። አንዱ ብርሃን ይነፍጋቸዋል፣ ሌላው ጨለማ ይነፍጋቸዋል። ሁለቱም ልማዶች የሚያርፉት ገና ተሠርቶ ባላለቀ መሣሪያ ላይ ነው፤ ስለዚህ መሣሪያው መቼና እንዴት እንደሚሠራ ማወቁ ይጠቅማል።

ከምስር ፍሬ የምታንሰው ዕጢ

ፓይኒያል ዕጢ በአንጎል መሐል፣ በግራና በቀኙ ክፍል መካከል ወደ ኋላ ገባ ብላ ትገኛለች። በሰው ከ5 እስከ 8 ሚሊሜትር ትረዝማለች፤ በውሻ ከዚያም ታንሳለች። ስሟን ያገኘችው ከጥድ ፍሬ ነው፤ ጥንታዊው ሐኪም ጋለን ከ1,800 ዓመታት በፊት ቅርጿን ከዚያ ፍሬ ጋር ያያይዘው ነበር። በ17ኛው ክፍለ ዘመን ፈረንሳዊው ፈላስፋ ዴካርት የነፍስ መቀመጫ አደረጋት። ዛሬ በማኅበራዊ ሚዲያ «ሦስተኛ ዓይናችሁን ክፈቱ» እያሉ ትምህርት የሚሸጡትም የሚጠቅሱት እሷኑ ነው። (ትምህርቱን ለመግዛት ያሰበ ካለ፣ በዚያው ገንዘብ ውሻውን ቢያስከትብ ይሻለዋል።)

«ዓይን» የሚለው ስም ግን ከባዶ የመጣ አይደለም። በዓሣዎችና በእንቁራሪቶች የዚህች ዕጢ ሕዋሳት ራሳቸው ብርሃን ይቀበላሉ። አንዳንድ እንሽላሊቶች አናታቸው ላይ የዓይን ዘመድ የሆነች ብርሃን የምትቀበል ነጥብ አለቻቸው። በወፎችም ብርሃን የራስ ቅልን አልፎ ዕጢዋን ይነካል። በአጥቢ እንስሳት ይህ ችሎታ ጠፍቷል፤ ዕጢዋ ጨለማ ውስጥ ተቀምጣ በሽቦ ብቻ ወሬ የምትሰማ ሆናለች። አንድ ትንሽ ቅሪት አለ፤ እሱ ላይ እንደርሳለን።

ዕጢዋ የምታመነጨው ነገር መኖሩ የታወቀው በአጋጣሚ በሚመስል መንገድ ነው። በ1917 እ.ኤ.አ. ሁለት ተመራማሪዎች የከብት ፓይኒያል ፈጭተው ለእንቁራሪት ጫጩቶች ሲሰጡ የጫጩቶቹ ቆዳ ሲነጣ አዩ። ከአርባ ዓመት በኋላ አሮን ለርነር የተባለ የዬል ዩኒቨርሲቲ የቆዳ ሐኪም፣ ይህ ነገር የቆዳ ቀለም በሽታዎችን ለመረዳት ይጠቅመኝ ይሆናል ብሎ ከብዙ ሺህ የከብት ዕጢዎች ንጥረ ነገሩን ለይቶ አወጣው። በ1958 እ.ኤ.አ. ሜላቶኒን ብሎ ሰየመው። ለቆዳ ሕክምናው እንዳሰበው አልሆነለትም፤ ግን የሌሊትን ሆርሞን አገኘ።

የሜላቶኒን አሠራር አጭር ነው። ከምግብ የሚገኘው ትሪፕቶፋን ወደ ሴሮቶኒን ይቀየራል፤ ሴሮቶኒኑ በሁለት ኢንዛይሞች ተራ በተራ ተሠርቶ ሜላቶኒን ይሆናል። ከሁለቱ የመጀመሪያው ኢንዛይም ቀን ላይ የለም ማለት ይቻላል፤ ሌሊት ይነሣል፣ በአይጥ እስከ መቶ እጥፍ ይደርሳል። ዕጢዋ ሜላቶኒንን አታከማችም፤ የሠራችውን ወዲያው ወደ ደም ትለቀዋለች። ስለዚህ በደም ውስጥ ያለው መጠን አሁን ጨለማ መሆኑን በቀጥታ ይናገራል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበትን ነገር ላንሣ። ሜላቶኒን «የእንቅልፍ ሆርሞን» ይባላል። አይጥ ግን ሌሊት ነው የምትሠራው፣ ቀን ነው የምትተኛው፤ የእሷም ሜላቶኒን የሚጨምረው ሌሊት ነው። ሌሊቱን ሲጮህ የሚያድር የግቢ ውሻም ሜላቶኒኑ ሌሊት ከፍ ይላል። መልእክቱ «ተኛ» ሳይሆን «መሽቷል» ነው። ሲመሽ ምን ማድረግ እንዳለበት እያንዳንዱ እንስሳ የየራሱን መልስ ይሰጣል።

ከቡሬ እንጅባራ፣ በደብረ ማርቆስ በኩል

የተማርኩት ምህንድስና ስለሆነ ይህን ነገር የማየው እንደ ቁጥጥር ሥርዓት ነው፦ ጠቋሚ፣ ሰዓት፣ ሽቦ፣ ውጤት። ጠቋሚው ዓይን ነው፤ ግን ለማየት የምንጠቀምባቸው ሕዋሳት ብቻ አይደሉም። በሬቲና ውስጥ ሜላኖፕሲን የሚባል ቀለም የያዙ ጥቂት ነርቭ ሕዋሳት አሉ፤ ሥራቸው ምስል ማየት ሳይሆን ብርሃን መኖሩን መለካት ነው፣ በተለይ ሰማያዊውን፣ 480 ናኖሜትር አካባቢ ያለውን። እነዚህ ሕዋሳት መልእክታቸውን ሃይፖታላመስ ውስጥ ወዳለው ዋናው የአካል ሰዓት ይልካሉ። ሰዓቱ ያለ ብርሃንም በራሱ ይመታል፤ ዙሩ ግን ልክ 24 ሰዓት ስላልሆነ በየቀኑ በብርሃን መስተካከል አለበት፤ በየጠዋቱ በሬዲዮ ዜና እንደሚሞላ የእጅ ሰዓት በሉት።

አስገራሚው ሽቦው ነው። ከሰዓቱ እስከ ፓይኒያል ያለው ርቀት በውሻ አንጎል ውስጥ ጥቂት ሴንቲሜትር ብቻ ነው። መልእክቱ ግን በቀጥታ አይሄድም። ከሃይፖታላመስ ተነሥቶ በአንጎል ግንድ በኩል ወደ ጀርባ አጥንት ውስጥ ይወርዳል፤ ደረቱ አካባቢ ከአከርካሪው ይወጣል፤ ተመልሶ ወደ ላይ ይወጣና አንገት ላይ ካለ የነርቭ ቋጠሮ ይደርሳል፤ ከዚያ የደም ሥሮችን ተከትሎ ወደ ራስ ቅል ይገባና ዕጢዋን ያገኛል። ከቡሬ እንጅባራ መሄድ የፈለገ ሰው መጀመሪያ ደብረ ማርቆስ ወርዶ፣ እንደገና ፍኖተ ሰላምን አልፎ ቡሬን አቋርጦ እንደሚሄድ ማለት ነው። ለምን እንዲህ ሆነ ብትሉኝ፣ መሐንዲስ ቢሠራው ከሥራ ይባረር ነበር እላችኋለሁ። አካል የሚሠራው ግን ከፕላን ሳይሆን ካለው ነው።

የመጨረሻው የሽቦው ጫፍ ሌሊት ሲሆን ኖርኤፒነፍሪን ይለቃል፤ ዕጢዋ ሥራ የምትጀምረው ያኔ ነው። ሌሊት መሐል ብርሃን ከበራ መልእክቱ ይቋረጣል፣ የሜላቶኒን ሥራም በደቂቃዎች ውስጥ ይወርዳል። የአንገቱ ቋጠሮ ቢቆረጥ ደግሞ ዕጢዋ በሕይወት ትኖራለች፣ ደም ይደርሳታል፣ ግን ቀንና ሌሊትን መለየት ታቆማለች። ይህን ያዙልኝ፤ አዲስ የተወለደ ቡችላ ያለበት ሁኔታ ከዚህ ጋር ይቀራረባል።

መጀመሪያ ዕጢዋ፣ ከዚያ መስመሩ

ፓይኒያል የምትበቅለው ከልደት በፊት ነው፤ በፅንሱ አንጎል ጣሪያ ላይ እንደ ትንሽ ኪስ ወደ ላይ ወጥታ ትጀምራለች። ቡችላ ሲወለድ ዕጢዋ ቦታዋ ላይ አለች። ግን ያልበሰለች ናት። የቡችሎችን ፓይኒያል በማይክሮስኮፕ ያዩ ጥናቶች የሚያሳዩት፣ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ዕጢዋ ገና በሚከፋፈሉና መልካቸውን ባልያዙ ሕዋሳት የተሞላች መሆኗን ነው። ቀስ በቀስ መከፋፈሉ እየቀነሰ ይመጣል፤ ሕዋሳቱ ወይ ሜላቶኒን ሠሪዎች ይሆናሉ፣ ወይ ደጋፊ ሕዋሳት ይሆናሉ። በውሻ ፓይኒያል ውስጥ ከዚህ ሌላ ጥቁር ቀለም የያዙ ሕዋሳትም ይታያሉ፤ ቀለሙ ቆዳንና ፀጉርን የሚያጠቁረው ሜላኒን ነው።

ቀጥሎ መስመሩ መዘርጋት አለበት። ይህ ክፍል በደንብ የተጠናው በአይጥ ነው። አይጥም እንደ ውሻ ዓይኑ ተከድኖ፣ ጆሮው ተደፍኖ፣ ሙቀቱን መጠበቅ ሳይችል የሚወለድ እንስሳ ስለሆነ ለቡችላ ጥሩ ምሳሌ ነው። በአይጥ ከአንገቱ ቋጠሮ የሚመጡት ነርቮች ወደ ዕጢዋ በብዛት የሚገቡት በተወለደ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ነው። የቀንና የሌሊት ልዩነት በኢንዛይሙ ላይ መታየት የሚጀምረው በመጀመሪያው ሳምንት ሲሆን፣ ዜማው እየጠነከረ የሚሄደው በቀጣዮቹ ሁለት ሳምንታት ነው። የሰው ልጅ ዓይኑን ገልጦ ቢወለድም በዚህ ይዘገያል፤ ሕፃናት ግልጽ የሆነ የሌሊት ሜላቶኒን የሚያሳዩት ሦስት ወር ገደማ ሲሆናቸው ነው። አራስ ቤት የገባችሁ ሁሉ ይህን ያለ መጽሐፍ ታውቁታላችሁ።

በዚህ መሐል ነው ቅሪቷ የምትመጣው። በ1966 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ የተሠራ ሙከራ፣ ዓይናቸው የተነሣ አዲስ የተወለዱ አይጦች ፓይኒያል አሁንም ለብርሃን ምላሽ እንደሚሰጥ አሳየ። ብርሃኑ ስስ በሆነው ራስ ቅላቸው በኩል ያልፋል። አዋቂ አይጦች ይህን አይችሉም። ማለትም ዕጢዋ በሕፃንነቷ ለጥቂት ቀናት እንደ ዓሣ ፓይኒያል ትሠራለች፣ ከዚያ ትተወዋለች። «ሦስተኛ ዓይን» ለሚሉት ወገኖች በአጥቢ እንስሳት ሊሰጣቸው የሚችለው ማስረጃ ይኸው ነው፤ እሱም በአይጥ፣ እሱም ለጥቂት ቀናት።

ሌላው የምወደው ግኝት ስለ ዓይን ነው። በአይጥ ሬቲና ውስጥ ሜላኖፕሲን ያላቸው ሕዋሳት ከተወለደበት ዕለት ጀምሮ ለብርሃን ይነቃሉ። የማየት ሕዋሳቱ ግን ሥራ የሚጀምሩት ከቀናት በኋላ ነው። ማየት ከመጀመሩ በፊት፣ ዓይኑ ሳይገለጥ፣ ብርሃን መኖሩን የሚለካው መስመር ቀድሞ ይከፈታል ማለት ነው። የዓይን ቆብ ደግሞ ግድግዳ አይደለም፤ እጃችሁን ባትሪ ላይ ብትጋርዱ ቀይ ሆኖ እንደሚታየው ቆዳ ብርሃን ያሳልፋል። ዓይኑ የተከደነ ጨቅላ እንስሳ «ምንም አያይም» ብሎ አምፖል ፊቱ ላይ ማብራት ጉዳት የለውም የሚለው ግምት እዚህ ላይ ይናጋል።

ቡችላው ዓይኑን የሚገልጠው ከ10 እስከ 14 ቀን ባለው ጊዜ ነው፤ ጆሮውም በዚያው ሰሞን ይከፈታል። ዓይኑ ሲገለጥ ግን መሣሪያው አላለቀም። ሬቲናው እስኪበስል እስከ ሁለት ወር ገደማ ይሄዳል። አራትና አምስት ሳምንት ሲሆነው የእንቅልፉና የንቃቱ የአንጎል ሞገዶች የአዋቂ ውሻን መልክ መያዝ ይጀምራሉ፤ ከዚያ በፊት ግማሹ እንቅልፉ እግሩን እያወራጨ፣ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ የሚያሳልፈው ዓይነት ነው። ብዙ ሰው ቡችላውን ከእናቱ የሚወስደው ልክ በዚህ ሰሞን መሆኑን ልብ በሉ።

እናትየው ናት ሌሊቱ

እስከዚያ ድረስ ቡችላው ሌሊትን የሚያውቀው በማን ነው? በእናቱ።

ሜላቶኒን ከእናት ወደ ፅንስ የእንግዴ ልጁን በቀላሉ ያልፋል። የፅንሱ ሰዓት በማሕፀን ውስጥ እያለ መምታት ይጀምራል፤ በ1983 እ.ኤ.አ. በአይጦች ላይ የታተመ ሥራ የፅንሱ ሰዓት ከእናቱ ሰዓት ጋር የተስተካከለ መሆኑን አሳይቷል። ከልደት በኋላ ደግሞ ወተቱ አለ። የሰው ጡት ወተት ሌሊት ሜላቶኒን ይይዛል፣ ቀን ላይ የለበትም ማለት ይቻላል፤ በላም ወተትም ሌሊት የታለበው ይበልጣል። በዚያ ላይ የእናትየው መምጣትና መሄድ፣ የገላዋ ሙቀት፣ የምታጠባበት ሰዓት አለ። በጨቅላ አይጦች እንደታየው በመጀመሪያው ሳምንት ሰዓታቸውን በዋናነት የምታስተካክለው እናት ናት፤ ከዚያ ብርሃን ቀስ በቀስ ሥራውን ይረከባል።

በግቢያችን ይህ ምን እንደሚመስል ለማየት ቤተ ሙከራ አያስፈልግም። የወለደች ውሻ ከጎተራው ሥር ወይም ከገለባው ክምር ጥግ ጉድጓድ ቆፍራ ትተኛለች። ቀን ላይ ወጣ ብላ የሚበላ ትፈልጋለች፤ ሌሊት ከቡችሎቿ ጋር ታድራለች። ብርሃኑ ጥጉ ድረስ ደብዝዞ ይገባል፣ ሲመሽ ጨርሶ ይጠፋል። ማንም ሳያስተምራት ለዕጢዋም፣ ለሰዓቱም፣ ለዓይኑም የሚስማማውን አዘጋጅታለች።

ብርሃኑ ጨርሶ ባይጠፋስ? በ2006 እ.ኤ.አ. የታተመ ሥራ ከተወለዱ ጀምሮ ማታም ቀንም መብራት በማይጠፋበት ክፍል ያደጉ አይጦችን አጥንቷል። የሰዓቱ ሕዋሳት እያንዳንዳቸው መምታታቸውን አላቆሙም፤ እርስ በርስ ግን መስማማት አቃታቸው። በአንድ ከተማ ያሉ ደወሎች ሁሉ ይደወላሉ፣ ግን ሁሉም በየራሱ ሰዓት። እንዲህ ሲሆን ከዚያ በታች ያለው መስመር፣ ፓይኒያልም ጭምር፣ የሚሰማው ጫጫታ ብቻ ነው።

የጎጃም ቀን

እዚህ ላይ ያለንበት ቦታ ትርጉም አለው። ፍኖተ ሰላምና ቡሬ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 10.7 ዲግሪ ገደማ ላይ ናቸው። ረጅሙ ቀን ሰኔ አጋማሽ ላይ 12 ሰዓት ከ45 ደቂቃ ያህል ነው፤ አጭሩ ታኅሣሥ ላይ 11 ሰዓት ተኩል ገደማ። የዓመቱ ልዩነት በሙሉ አንድ ሰዓት ከሩብ ብቻ! ስቶክሆልም ውስጥ ልዩነቱ ከ12 ሰዓት ይበልጣል። ሰዓታችንን ከፀሐይ መውጫ ጀምረን መቁጠር የቻልነውም በዚሁ ምክንያት ነው፤ ስዊድናዊ ቢሞክረው በታኅሣሥ ገና ቁርሱን ሳይጨርስ መሽቶበት ይቸገራል።

ለቡችላው ይህ ማለት ሰኔ ላይ ቢወለድም ታኅሣሥ ላይ ቢወለድም የሚያገኘው የሌሊት ርዝመት ተቀራራቢ ነው ማለት ነው። ክረምት ነው፣ ደመና ነው ብላችሁ አትስጉ። ደመናማ የክረምት ቀትር ከቤት ውጭ በሺዎች የሚቆጠር ሉክስ ይሰጣል፤ ጠራራ ፀሐይ 100,000 ይደርሳል፤ መስኮት የሌለው ቤት ውስጥ በሩ ሲዘጋ የሚቀረው ጥቂት ሉክስ ነው። ሙሉ ጨረቃ ከአንድ ሉክስ በታች ናት።

ፓይኒያል ከዕለቱ ሌላ ወቅትንም ትቆጥራለች ሲባል ሰምታችሁ ይሆናል። በሰሜኑ ዓለም በግ ይህ እውነት ነው፤ የሌሊቱ ርዝመት በሜላቶኒን በኩል የመራቢያ ጊዜውን ይነግረዋል። በውሻ ዘመዶች ግን ነገሩ እንዲህ ቀላል አይደለም። የመንደር ውሻ በየትኛውም ወር ልትወልድ ትችላለች። የቅርብ ዘመዷ ቀይ ቀበሮ በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ፣ ከመስከረም መጨረሻ እስከ ጥር ባለው ጊዜ ነው የምትወልደው፤ ግልገሎቿም ዓይናቸው ተከድኖ ይወለዱና ሦስት ሳምንት ሲሆናቸው ከጉድጓዱ ብቅ ይላሉ። (የጎጃም ሰው ቀይ ቀበሮ ለማየት ዛሬ ሰሜን ተራሮች፣ መንዝ ወይም ባሌ መሄድ አለበት፤ ከጮቄ ጠፍቷል።) ታዲያ ወቅት የምትቆጥረው ፓይኒያል ናት? በ1987 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ግራጫ ተኩላዎችን ወስዶ ከፊሎቹን ፓይኒያላቸውን አወጣ፣ ከፊሎቹን የአንገታቸውን ቋጠሮ ቆረጠ። ተኩላዎቹ የመራቢያ ወቅታቸውን አልቀየሩም። ይህን ውጤት የምወደው ዕጢዋን ከሚገባት በላይ እንዳናገናት ስለሚያስታውሰን ነው። ሜላቶኒን ለውሻ ምንም አይሠራም ማለት ግን አይደለም፤ በሰሜን አገሮች እንደ ቦክሰር ያሉ አንዳንድ ውሾች በየክረምቱ የጎናቸው ፀጉር ይረግፋል፣ የእንስሳት ሐኪሞችም ለዚህ ሜላቶኒን ያዛሉ።

ጨለማ ቤትና አምፖል

ወደ ተነሣንበት እንመለስ። ጨለማ ቤት ያደገ ቡችላ ኃይለኛ ይሆናል? በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. በካናዳ ማክጊል ዩኒቨርሲቲ ቡችሎችን ውጭውን በማያዩበት ሣጥን ውስጥ ለወራት አሳድገው ነበር። ሲወጡ ኃይለኞች አልነበሩም። ግራ የተጋቡ ነበሩ፤ የሚነድ ክብሪት አሽትተው ተቃጥለው እንደገና ያሸቱ ነበር። በሜይን ግዛት ባር ሃርበር የተሠሩት የረጅም ጊዜ ጥናቶች ደግሞ ቡችላ ሰውን፣ ሌላ እንስሳን፣ ዓለምን የሚለምድበት መስኮት ከ3ኛው እስከ 12ኛው ሳምንት ድረስ መሆኑን አሳዩ፤ እስከ 14ኛ ሳምንቱ ሰው ሳያይ ያደገ ቡችላ እንደ ዱር አውሬ ይሸሻል። ጨለማ ቤት የሚያወጣው ውሻ ፈሪ ነው። ፈሪ ውሻ ደግሞ ይነክሳል፣ ግን ሌባውን ለይቶ አይደለም፤ ውሃ ለመቅዳት የምታልፈውን ልጅም ይነክሳል። በዓለም ላይ በእብድ ውሻ በሽታ ከሚሞቱት ሰዎች 99 በመቶ ያህሉ በሽታውን የሚይዙት ከውሻ መሆኑን አስቡና፣ ይህ የአስተዳደግ ምርጫ ብቻ ሆኖ ይታያችሁ እንደሆነ ፍረዱ።

ስለዚህ በተግባር፦ ቡችላው እስከ ስምንት ሳምንት ከእናቱ ጋር ይቆይ፤ ከሦስተኛው ሳምንት በኋላ ቀን ቀን ወደ ብርሃን ይውጣ፣ ልጆችም በእርጋታ ይንኩት፤ ሦስት ወር ሲሆነው ለእብድ ውሻ በሽታ ይከተብ። ውጭ አገር ያላችሁ ደግሞ፣ ሌሊት አላስተኛ ላላችሁ ቡችላ የራሳችሁን የሜላቶኒን እንክብል አትስጡት፤ አንዳንዶቹ ዛይሊቶል የሚባል ማጣፈጫ አለባቸው፣ እሱ ለውሻ መርዝ ነው።

አምፖሉስ? ብርዱ እውነት ነው፤ ቡሬ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር በላይ ናት፤ ቡችላ በመጀመሪያው ሳምንት 30 ዲግሪ ገደማ የሚሆን ሙቀት ይፈልጋል፣ መንቀጥቀጥ እንኳ አይችልም። አምፖል የማብራቱ ልማድ የተወለደው በድሮው ቢጫ አምፖል ዘመን ነው። ያ አምፖል 60 ዋት ወስዶ ከ90 በመቶ በላዩን ሙቀት ያደርገው ስለነበር፣ ልማዱ በዚያ ዘመን ያዋጣ ነበር። ዛሬ የምንሰቅለው ነጭ ኤልኢዲ ግን 9 ዋት ገደማ ብቻ ይወስዳል፤ ሙቀቱ ከቁጥር አይገባም። ብርሃኑ ደግሞ ያው ነው፤ እንዲያውም ሜላኖፕሲን በሚፈልገው ሰማያዊ ክፍል የበለጠ ሀብታም ነው። ጥቅሙ ሄዶ ጉዳቱ ብቻ ቀርቷል ማለት ነው። 15 ኪሎ የምትመዝን እናት ውሻ ተኝታ እያረፈች 25 ዋት ገደማ ሙቀት ትሰጣለች፣ ያውም በጨለማ። እሷ ለመብላት ስትወጣ ወይም ሞታ ቡችሎቹ ብቻቸውን ሲቀሩ፣ ሙቅ ውሃ የተሞላ የፕላስቲክ ጠርሙስ በጨርቅ ጠቅልሎ አጠገባቸው ማስቀመጥና ሲቀዘቅዝ መቀየር ይበቃል። ሌሊት ገብቶ ማየት የግድ ከሆነ ቀይ ብርሃን ያለው ባትሪ ያዙ፤ ነጭ ባትሪ ብቻ ካላችሁ ፊቱ ላይ ቀይ ጨርቅ እጠፍ አድርጋችሁ እሰሩበት።